302፦ ሪፖርቱ ወጣ፤ ለለቀስተኛው ማን ያንብብለት?

የአረርቲው መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ከየት እንደ መጣ ካልነገርኋችሁ ግን ትርጉም አይኖረውም።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንቱ። ከቅዳሴ ስመለስ ባለቤቴ ሬዲዮኑ አጠገብ እንደ ቆመች አገኘኋት። ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ የነበረ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር 302፣ ወድቋል፣ የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል እየተባለ ነው። ቆይቶ ቦታው ጊምቢቹ ወረዳ መሆኑ ሲነገር ሁለታችንም ተያየን። ጊምቢቹ በአስተዳደር ምሥራቅ ሸዋ ነው፣ እኛ ምንጃር ሸንኮራዎች ሰሜን ሸዋ ነን፤ መሬቱ ግን የተያያዘ ነው። ከብት የጠፋበት ሰው ተሻግሮ ይጠይቃል፣ ልጅ ተሻግራ ትዳራለች፣ የዚያ ሽምብራና የዚህ ጤፍ አንድ ገበያ ላይ ይገናኛል። አክስቴ የምትኖረው በዚያው በወሰኑ በኩል ነው።

በማግስቱ አክስቴ ከዕድሯ ሴቶች ጋር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። በስልክ «የማን ልቅሶ ነው የምትሄዱት?» ብዬ ጠየቅኋት። «እናቶቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፤ እስኪደርሱ ማን ያልቅስላቸው?» አለችኝ። የ35 አገር ሰዎች ነበሩ። የዚያ አካባቢ ገበሬ አንዳቸውንም አያውቅም፤ ግን እንደ ወንድም ሞት ደረቱን መትቶ አልቅሷል። አክስቴ ከዚያ ስትመለስ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ከዚያ ወዲህ የምርመራው ነገር በተነሣ ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ምን አገኙ?» የመጀመሪያው ሪፖርት መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን ጠየቀችኝ። በዓመቱ ዋዜማ፣ የካቲት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ጊዜያዊው ሪፖርት ሲወጣ ጠየቀችኝ። የመጨረሻው ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲወጣም እንዲሁ። እኔ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ 22 ዓመት ሙሉ ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ለአክስቴ የሰጠኋት መልስ ግን «የአውሮፕላኑ ችግር ነው ተብሏል» የሚል ነበር። «ይህንንማ ሬዲዮኑም ነግሮኛል» አለችኝ። ያን ቀን አፈርሁ። ሰነዱ ወጥቷል፣ እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ቦታው ደግሞ ደጃፋችን ነው። ታዲያ ለዚያ ያለቀሰ ሰው የተገኘውን ነገር በሚገባው ቋንቋ ካልነገርሁት እውቀቴ ለማን ነው?

ስለዚህ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሪፖርት አወረድሁ፤ ዋና ዋና ገጾቹን አሳትሜ ማታ ማታ በአማርኛ መጻፍ ያዝሁ። ሐሳቤ የአክስቴ ዕድር በሚሰበሰብበት ዕለት ቆሜ ላነብላቸው ነው። አንዳንዱ ነገር ቀላል ሆነልኝ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ሪፖርት አውሮፕላኑ የቆፈረውን ጉድጓድ ልክ ያስቀምጣል፤ ርዝመቱ 40 ሜትር፣ ወርዱ 28 ሜትር፣ የመጨረሻው ስባሪ የተገኘበት ጥልቀት ደግሞ 10 ሜትር። ይህንን ከተማሪዎቼ ጋር በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ በገመድ ለካነውና ኖራ አሰመርንበት። ስድሳ ልጆች ዙሪያውን ሲቆሙ እርስ በርስ እጅ ለእጅ አልደረሱም። ጥልቀቱ ይህን ቤት ቁልቁል ቢተክሉት ይውጠዋል ብዬ ባለ ሁለት ፎቁን የመማሪያ ሕንፃ ሳሳያቸው ሜዳው ጸጥ አለ።

የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የማሽኑን አሠራር ላልተማረ ሰው በአማርኛ እንዴት ልንገረው? የነፋሱን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ፣ የአብራሪው መሪ መንቀጥቀጥ፣ የጭራው ክንፍ መዞር፣ ኤምካስ የሚሉት ሥርዓት፣ ይህ ሁሉ እንግሊዝኛው ላይ እንደ ወንዝ ይፈሳል፣ በአማርኛ ግን ብዕሬ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው የባሰ ነው። የእኛ መርማሪዎች አንድ ነገር ብለዋል፣ አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹ መርማሪዎች ደግሞ በአንዳንዱ አልተስማሙም። በዕድሩ ፊት ቆሜ የማንን ልናገር? የተከራከሩበትን ነገር ዘልዬ ልለፈው ወይስ ልንገራቸው? ሙያው ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ።

---

ጡረተኛው መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥዎ። ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ላይ ነው የጨረስሁት፤ ይህንን አውሮፕላን አልነካሁትም፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የመጣ ነው። ነገሩን ግን በመዓልትም በሌሊትም ሳስበው ኖሬአለሁ።

ማሽኑን እንዲህ ብለው ይንገሯቸው። በአውሮፕላኑ አፍንጫ ግራና ቀኝ እንደ ትንሽ ጅራት ያለች ብረት አለች፤ ነፋሱ ሲመታት ትዞራለች። ክንፉ ወደሚመጣው ነፋስ ምን ያህል ቀና እንዳለ የምትናገረው እርሷ ናት። ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ። ክንፍ ከልክ በላይ ቀና ካለ ነፋሱ አይሸከመውም፤ አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ስለዚህ ይህች ትንሽ ብረት የምትለው ነገር ትልቅ ነው።

ያን ዕለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ተነሡ። ደቂቃ ሳይሞላ የግራዋ 74.5 ዲግሪ አለች። በዚያው ቅጽበት የቀኟ ከ15.3 አላለፈችም። እንደ እርስዎ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ 74.5 ዲግሪ ማለት ክንፉ ለሚመጣው ነፋስ እንደ ግድግዳ ሊቆም ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው። በዚያ ማዕዘን የሚበር የመንገደኛ አውሮፕላን የለም። የግራዋ የዋሸች መሆኗን ለማወቅ የቀኟን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

አሁን ኤምካስ ላይ እንምጣ። ቦይንግ 737 ማክስ ሞተሮቹ ከቀድሞዎቹ 737ዎች የሚተልቁ ናቸው፤ ከክንፉ ወደፊትና ወደ ላይ ተስበው ነው የተገጠሙት። በዚህ የተነሣ አፍንጫው በአንዳንድ ሁኔታ ከሚገባው በላይ ቀና ሊል ይችላል። ያንን ለማረም የጭራውን አግድም ክንፍ በራሱ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋ ሥርዓት አስገቡበት። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሥርዓቱ በአንድ በረራ የሚሰማው የአንደኛዋን ብረት ቃል ብቻ ነው። ከዚያ በፊት፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ይዞ ባሕር የገባው የላየን ኤር አውሮፕላንም በዚሁ ነው የሄደው። እስከዚያ ቀን ድረስ አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ነገር ስለ መኖሩ እንኳ አልተጻፈላቸውም ነበር። ይህንን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ በሙያችን ትልቁ ኃጢአት የምታስረክበውን ማሽን ጠባይ መደበቅ ነው።

የእኛዎቹ ልጆች ምን አደረጉ? 2 ሰዓት ከ40 ላይ ሥርዓቱ ለ9 ሰከንድ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋው። ዋና አብራሪው መለሰው፣ ደግሞ ገፋው። ረዳቱ የጭራውን ኤሌክትሪክ የሚያጠፋውን ማብሪያ ማጥፊያ ጠራ፣ አጠፉት። ከላየን ኤር በኋላ አድርጉ የተባሉት ይህንን ነበር። ከዚያ በኋላ የጭራውን ክንፍ በእጅ መዘውር ለመመለስ ሞከሩ፤ አልዞር አላቸው። ፍጥነቱ ከፍ ሲል አየሩ ክንፉን እንዲህ አድርጎ ስለሚጫነው የሰው ክንድ አይችለውም። በመጨረሻ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ አንድ ጊዜ ደገመው። ከዚያ በኋላ አፍንጫው 40 ዲግሪ ቁልቁል ነበር፤ ፍጥነቱ 500 ኖት ገደማ፣ በሰዓት ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። ሁሉም ነገር ከተነሡ በስድስት ደቂቃ ውስጥ አበቃ።

የመርማሪዎቹ ልዩነት የግራዋ ብረት ለምን ተበላሸች የሚለው ላይ ነው። የእኛ ቢሮ ከአውሮፕላኑ የኤሌክትሪክ ሥራና ከፋብሪካው የጥራት ጉድለት ጋር አያያዘው። የአሜሪካው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድና የፈረንሳዩ የምርመራ ቢሮ ደግሞ ምልክቱ ወፍ የመታት ይመስላል ይላሉ፤ በተጨማሪም የአብራሪዎቹ አሠራር፣ በተለይ የፍጥነቱ ጉዳይ፣ በበቂ አልተመረመረም ብለዋል። ኤምካስ ባልታዘዘበት አፍንጫውን ወደ ታች መግፋቱን ግን ማንም አልካደም። መምህር፣ ይህቺን መጨረሻ አስምረውባት ይንገሯቸው።

---

ከሕግ በኩል፣ ደብረ ብርሃን

የመካኒኩን አባታችንን ቃል ካነበብሁ በኋላ ስለ ማሽኑ የምጨምረው የለኝም። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ስለ ሰነዱ ዓይነት ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ይህ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም። የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ የሚካሄደው በዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አባሪ 13 መሠረት ነው። አባሪው የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ እንደሆነ፣ ጥፋተኛን መለየት ወይም ኃላፊነትን ማከፋፈል እንዳልሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ሰው «ማን ተፈረደበት?» ብሎ ከጠየቀዎት፣ መምህር፣ በዚህ ሰነድ ማንም አልተፈረደበትም ብለው ይመልሱ።

ጊዜውም በዚያው ሕግ የተሰፈረ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት በ30 ቀን ውስጥ መውጣት አለበት፤ የእኛው በ25ኛው ቀን ወጥቷል። የመጨረሻው በ12 ወር ካልደረሰ በየዓመቱ መታሰቢያ ጊዜያዊ መግለጫ ይሰጣል፤ የየካቲት 30ው ለዚህ ነው በዋዜማው የወጣው። ረቂቁ አውሮፕላኑን ለሠራው አገርና ለሌሎች ተሳታፊዎች ይላካል፣ 60 ቀን ይሰጣቸዋል። ያልተስማሙበት ነገር ካለ ወይ ሪፖርቱ ይታረማል፣ ወይ አስተያየታቸው ከኋላ ይያያዛል። አሜሪካኖቹ አስተያየታችን በሚገባ አልተያያዘም ብለው ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ማለትም በአራተኛው ቀን፣ በራሳቸው አወጡት። ፈረንሳዮቹም ተከተሉ። ሦስቱንም ማንም ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ ማንበብ ይችላል።

የኃላፊነቱ ነገር የሄደው በሌላ በር ነው። ቦይንግ ታኅሣሥ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በእኛ የልደት ዕለት፣ ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ፤ ከዚያ ውስጥ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች የተመደበ ነው። ኅዳር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የበረራ ቁጥር 302 ሟቾች ቤተሰቦች ቺካጎ በከፈቱት ክስ ለጉዳቱ ካሣ ኃላፊ መሆኑን ተቀበለ። በኪዳነ ምሕረት፣ ሁለቱን ነገር አይቀላቅሉባቸው። የምርመራው ሰነድ ለምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ማን ይክፈል የሚለው የሌላ ችሎት ጉዳይ ነው።

---

የመሐል ሜዳ ልጅ

መምህር፣ ከልቤ ነው የምጠይቅዎት፤ ላስቀይምዎት አይደለም። አየር መንገዱ የመንግሥት ነው። የመረመረው ቢሮም የመንግሥት ነው። በሌላ በኩል ቦይንግ የአሜሪካ ኩራት ነው፣ አስተያየት የሰጠውም የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሁሉም የራሱን ቤት የሚጠብቅ ከሆነ ገበሬው ፊት ቆመው «ይህ ነው እውነቱ» ሲሉ በምን ተማምነው ነው? እኔ መንዝ ውስጥ ያደግሁት «ኮሚቴ ተቋቁሟል» የሚል ቃል ስሰማ ነው። የስንቱን ኮሚቴ ውጤት ሰማን? ውጤቱ ቢሰማም የስንቱን አመንን? ለዕድሩ ያልጠራ ነገር ነግረው በኋላ ቢሰበርብዎት አክስትዎ ናቸው የሚጎዱት።

---

የአረርቲው መምህር

ጋሼ መካኒክ፣ እጅ ነሥቻለሁ። «የዋሸች ብረት» ያሉትን ቃል ወስጄ ጽሑፌ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማንም አይነግረኝም። እህቴ ጠበቃዋም፣ ሰነዱ ፍርድ አለመሆኑን ባትነግሪኝ ኖሮ በመጀመሪያው ጥያቄ እወድቅ ነበር።

የመሐል ሜዳው ወንድሜ ግን ሌሊቱን አላስተኛኸኝም። ጥያቄህ ትክክል ነው። በዚህ አገር ከሰነድ ይልቅ ዝምታ የለመድን ሰዎች ነን። ግን እስኪ እንዲህ ተመልከተው። ጥቁር ሳጥኖቹ የተነበቡት እዚህ አይደለም፤ እኛ መሣሪያው ስላልነበረን ፓሪስ ተልከው ነው። 74.5 እና 15.3 የማንም መንግሥት አስተያየት አይደሉም፤ መቅጃው ላይ ያሉ ቁጥሮች ናቸው። የእኛም፣ የአሜሪካኖቹም፣ የፈረንሳዮቹም ወረቀት እነዚያኑ ቁጥሮች ይዞ ነው የሚከራከረው። ሁሉም የራሱን ቤት ይጠብቃል ብለሃል፤ ይሁን፣ ሁሉም እየጠበቀ አንድ ላይ የተስማማበትን ነገር ለማመን እኔ አልቸገርም። የቀረውን ደግሞ እንደ ቀረ እናገራለሁ። «ብረቷ ለምን ተበላሸች በሚለው ላይ አልተስማሙም፤ የእኛዎቹ ይህን፣ እነዚያ ያንን ይላሉ» እላለሁ። ገበሬ ሽማግሌ ሲከራከር አይቶ የማያውቅ ሰው አይደለም። የሚጎዳው የተከራከሩበትን ሲደብቁት ነው።

ስለ አብራሪዎቹ የተጻፈውንም አልዘልም። የሚከብደኝ እርሱ ነው። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመቱ ነበር፣ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ 25። ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረና 361 ሰዓት የበረረ። እነዚያ መርማሪዎች ፍጥነቱን መቀነስ ነበረባቸው ይላሉ፤ የእኛዎቹ ደግሞ በዚያች ቅጽበት የሚጮኸውን የማስጠንቀቂያ ብዛት፣ የሚንቀጠቀጠውን መሪ፣ የሚጋጨውን ቁጥር ያነሣሉ። ሁለቱንም አነባለሁ። የራሴን ፍርድ ከጠየቁኝ ግን ከልጆቹ ጎን ነኝ፤ የዚያን ሥርዓት ጠባይ ሳይነግሩ ሰውን ከሥርዓቱ ጋር ያጋፈጠ አካል ቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ገና አሁን ገባኝ። በዚያ በኩል ያለው ለቀስተኛ አብዛኛው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። የእኔ አማርኛ ለአክስቴ ዕድር ይበቃል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ድንኳን ለጣሉት ግን አይበቃም።

---

ከጨፌ ዶንሳ የመጣሁ

መምህር፣ ጊምቢቹ ወረዳ ጨፌ ዶንሳ ተወልጄ አረርቲ ያገባሁ ነርስ ነኝ። አባቴ ያን ዕለት ከማሳው ሆኖ ጭሱን ያየ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሥራውን አቁሞ እስኪያልፍ ሽቅብ ያያል። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የጠየቀኝን እኔም አልመለስሁለትም።

ጽሑፍዎን ይስጡኝ፤ ወደ አፋን ኦሮሞ እመልሰዋለሁ። ግን እባክዎ ቁጥሩን አያብዙት። አባቴ ዲግሪ አያውቅም፣ ነፋስ ግን ያውቃል። እህል ሲያዘራ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ገለባ እፍኝ አንሥቶ ሽቅብ ይበትናል። ከዚያ ቢጀምሩ ሁሉም ይከተልዎታል።

---

የአረርቲው መምህር

ባለፈው እሑድ አነበብን። የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

ሠላሳ ሰው ገደማ ነበር፤ አክስቴ ግቢ፣ ከግራሩ ሥር። የእህቴን የነርሷን ምክር ሰምቼ በገለባ ጀመርሁ። ከአውድማ እፍኝ አምጥቼ በተንሁ፤ ገለባው ወደ ምዕራብ ሄደ። «አሁን ነፋሱ ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መለሱ። ከዚያ ከእንጨት የሠራኋቸውን ሁለት ጅራቶች በአንድ ጣውላ ግራና ቀኝ ተክዬ አሳየሁ። የግራዋን በጣቴ ይዤ አጣመምኋት። የቀኟ ነፋሱን ተከትላ ቀጥ አለች። «ማሽኑ የሰማው ይህችን የተጣመመችውን ነው» አልኋቸው።

አክስቴ እጇን አነሣች። «ያቺ ሁለተኛዋ አልነበረችም ወይ?»

«ነበረች።»

«ደህና ነበረች?»

«ደህና ነበረች።»

«ታዲያ ሁለት ምስክር እያለ ለምን አንዱን ብቻ ሰሙ?»

ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣሁ። ያንን ወፍራም ሰነድ በወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የነገሩን አንጓ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልያዝሁትም ነበር። የድንበር ክርክር እንኳ በአንድ ምስክር አይፈርስም እየተባለ ባደገ ሕዝብ ፊት ነው የቆምሁት። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «አንዱ ቢዋሽ ሌላው ያቃናው ነበር» አሉ። ከአደጋው በኋላ የታረመው ይኸው መሆኑን ነገርኋቸው፤ የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኅዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ተመልሶ እንዲበር ሲፈቅድ ሥርዓቱ ሁለቱን እንዲያመሳክር፣ ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ ዝም እንዲል አስገድዷል። ለሃያ ወር ያህል መሬት ላይ ቆሞ ነበር አልኋቸው።

ከዚያ ሽማግሌው «ልጆቹ በመጨረሻ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ። ይህንን ልለፈው አስቤ ነበር። መቅጃው ላይ ዋና አብራሪው ረዳቱን አብረን ወደ ላይ እንሳብ እንዳለው፣ የሳቡት እንዳልበቃ እንደተናገረ፣ ረዳቱም እሺ ብሎ አብሮት ይስብ እንደ ነበር አነበብሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማንም ጮኾ አላለቀሰም። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፤ ንባቡ እስኪያልቅ መልሰው አላደረጉትም።

የተከራከሩበትንም ነገርኋቸው፣ የመሐል ሜዳው ወንድሜ። ወፍ ነው የሚሉ አሉ፣ ከፋብሪካው ነው የሚሉ አሉ አልሁ። ክርክሩ ማንንም አላስደነገጠም። አንዲት እናት «ወፍማ ሁልጊዜ ሰማይ ላይ አለ፤ ያንን አስበው መሥራት ነበረባቸው» አለች። እዚያው ላይ ቆምን።

ሁሉም ሲበተን አክስቴ ጣውላዬን ይዛ ቀረች። የቀኟን ጅራት በጣቷ እየገፋች «ከዚህ በፊት ባሕር የገቡት ስንት ናቸው ያልኸው?» አለችኝ። 189 አልኋት። ከእኛዎቹ አምስት ወር የማይሞላ ቀደም ብሎ፣ በዚያው ምክንያት። «ባሕር ላይ ድንኳን አይጣልም» አለች። ቆይታም፣ «የእነርሱንስ ወረቀት አንብበህልናል?» አለችኝ። ኢንዶኔዥያዎቹ የመጨረሻ ሪፖርታቸውን ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. አውጥተዋል። አላነበብሁትም ነበር፤ አሁን ይዤዋለሁ።

ጋሼ መካኒክ፣ እዚያ ውስጥ አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ያች ብረት ተቀይራ በሌላ ስለ መተካቷ፣ የተተካችውም በትክክል ስላልተለካች የሚናገር ክፍል አለ። ያ ሥራ በእጅ እንዴት እንደሚሠራ፣ ልኩም በምን እንደሚታወቅ በአማርኛ ይጻፉልኝ። የጊምቢቹው ንባብ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እህታችን ነርሷ ትርጉሙን ከግማሽ በላይ ጨርሳለች፤ አባቷም ገለባውን እኔ ነኝ የምበትነው ብለዋል።